ኮርኬጅ ዘረፋ አይደለም፦ «በገዛ ወይኔ አልከፍልም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ኮርኬጅ ነው፤ ደንበኛ የራሱን ወይን ይዞ ምግብ ቤት ሲገባ ቤቱ ጠርሙሱን ከፍቶ ለማስተናገድ ስለሚጠይቀው ክፍያ። ጸሐፊው ክፍያውን በአንድ ቃል ዘረፋ ብለውታል። ብዕራቸው ስል ነው። ጽሑፉ ያስቃል፣ ደም ያፈላል፣ ብዙ ሰውም «የልቤን ተናገሩልኝ» እያለ ተቀባብሎታል። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ሙግቴም ከሐሳባቸው ጋር ብቻ ነው።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ወይኑን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁና በንብረቴ ዳግመኛ ልከፍል አይገባም ይላሉ። ቡሽ መንቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ክፍያው ከሥራው ጋር አይመጣጠንም ይላሉ። ምግብ ቤቶች ወይንን በገዙበት ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሸጡ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ራስን ከብዝበዛ ማዳን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በኒው ጀርሲ ግዛት ሰው ወይኑን ይዞ ገብቶ ኮርኬጅ ሳይከፍል የሚጠጣባቸው ምግብ ቤቶች ስላሉም ክፍያው የግድ አይደለም ይላሉ። የራስን ወይን ጨርሶ የሚከለክል ቤት ደንበኛውን የናቀ ነው፤ በመጨረሻም ኮርኬጅ ሒሳብ ላይ ተጽፎ ቢመጣላችሁ አንከፍልም በሉ ብለው ይመክራሉ።

ከንብረቱ ክርክር ልነሣ። ጠርሙሱ የእሳቸው ስለመሆኑ የተከራከረ ሰው የለም። ምግብ ቤቱ የወይኑን ዋጋ አልጠየቃቸውም። የጠየቀው ወይኑ ለሚጠጣበት ነገር ሁሉ ነው፦ ምሽቱን ለያዙት ጠረጴዛ፣ ለብርጭቆው፣ ለበረዶው፣ ለሚቀዳው እጅ፣ ኋላ ለሚያጥበው እጅ። የራሱን ጨርቅ ይዞ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄደ ሰው «ጨርቁ የእኔ ስለሆነ የእጅ አልከፍልም» አይልም። ባለቤት መሆናቸው ወይኑን ቤታቸው ወይም ወዳጃቸው ዘንድ፣ ባሻቸው ሰዓት የመጠጣት መብት ይሰጣቸዋል። በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ለመጠጣት ግን የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም የራሱ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል። ይህን ነጥብ ከዚህ በላይ ማስረዘም አያሻም።

የአንድ ደቂቃው ጉዳይ ግን ያቆየናል፤ ብዙ ሰው ከልቡ የሚያምነው እሱን ስለሆነ። አስተናጋጁ ከኪሱ መክፈቻ አውጥቶ ቡሹን ሲስብ ደንበኛው ያያል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን አያይም። እኔ ይህን ሥራ በእጄ ስለሠራሁት የማይታየውን ልንገራችሁ።

አራት ሰዎች አንድ ነጭና አንድ ያረጀ ቀይ ወይን ይዘው መጡ እንበል። ነጩ መኪና ውስጥ ውሎ ሞቋል፤ መቅረብ ያለበት ግን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ባልዲ ይመጣል። ባልዲው ውስጥ በረዶ ብቻ ቢጨመር አይበቃም፤ በረዶ ጠርሙሱን እዚህም እዚያም ይነካዋል እንጂ ዙሪያውን አያቅፈውም፤ ቅዝቃዜውን የሚያዳርሰው ከበረዶው ጋር የሚጨመረው ውኃ ነው። እንዲያም ሆኖ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ እንግዶቹ «ወይናችንስ?» ማለታቸው አይቀርም። ቀዩ ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ከሥሩ አተላ ይዟል። አንድ ቀን ያህል ቀጥ ብሎ ቆሞ አተላው መዝቀጥ ሲገባው መንገድ ለመንገድ ሲናጥ ነው የመጣው። ቡሹ ሲሳብ ከወገቡ ይበጠስና ግማሹ አንገቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያረጀ ቡሽ ጠባዩ ነው። አሁን ጠምዛዛው መክፈቻ አይሠራም፤ ሁለት ስስ የብረት ምላስ ያለው፣ ቡሹን ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚያወጣው ሌላ መክፈቻ ይፈለጋል። ከዚያም አስተናጋጁ ከጠርሙሱ አንገት ሥር መብራት አድርጎ ወይኑን ሳያቋርጥ፣ በቀስታ ዲካንተር ወደሚባለው የወይን ማቅረቢያ የመስተዋት ዕቃ ይገለብጣል፤ ጥቁሩ አተላ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። በዚህ ሁሉ መካከል ሌሎች ጠረጴዛዎች ይጠሩታል።

አራት ሰው በሁለት ዓይነት ወይን 8 ብርጭቆ ነው። ስሶቹ፣ ባለ ረጅም እግሮቹ ብርጭቆዎች እንደ ሻይ ብርጭቆ ተደራርበው አይታጠቡም። አንድ በአንድ ይታጠባሉ፣ ሊፕስቲኩ በጣት ይለቀቃል፣ በእንፋሎት ተይዘው በማያራግፍ ጨርቅ ይወለወላሉ፣ ወደ መብራት ተደርገው ይታያሉ። የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ በመጠጥ ሰዓት ሳይሆን እኩለ ሌሊት ላይ፣ እግሩና ሆዱ የሚገናኙበት ቦታ በጨርቅ ሲጠመዘዝ ነው። የተሰበረው ደግሞ የማንም ሒሳብ ላይ አይጻፍም።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ጠርሙስ ይህን ያህል አያስቸግርም። ሁለት ሰዎች ገና ያላረጀ ወይን ይዘው ቢመጡ፣ ክዳኑም የሚጠመዘዝ ቢሆን፣ ጸሐፊው ያሉት አንድ ደቂቃ እንዲያውም ይበዛል። ቤቱ ግን ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የድካም ሚዛን ይዞ አይቆምም፤ ቀላሉንም ከባዱንም ያማከለ አንድ ዋጋ ይቆርጣል። ሁለት መደበኛ ጠርሙስ የሚያህለውን ማግነም የሚባለውን ባለ 1.5 ሊትር እንደ ሁለት የሚቆጥሩ ቤቶችን ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን ነቅፈዋቸዋል። እዚህ ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ፦ የሚከፈተው አንዴ ነው፣ የሚጠጣው ግን ሁለት ጠርሙስ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነጥብ እንምጣ፤ ወደ ሁለትና ሦስት እጥፉ። ጸሐፊው ዋጋው እንደሚባዛ መናገራቸው ትክክል ነው። እንዲያውም ከተናገሩት በላይ የሚያስከፋ አለ፦ በብርጭቆ በሚሸጥ ወይን የመጀመሪያው ብርጭቆ ዋጋ ብቻ ቤቱ ጠርሙሱን የገዛበትን እንዲሸፍን ተደርጎ ሲተመን ማየት የተለመደ ነው። 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 5 ብርጭቆዎች ይወጣሉና ቀሪዎቹ አራቱ ትርፍ ይመስላሉ። ጭማሪውም በመቶኛ ሲታይ በርካሹ ወይን ላይ ይከብዳል፣ በውዱ ላይ ይቀላል። ዝርዝሩ ላይ ዝቅተኛውን ዋጋ ፈልጎ የሚያዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የባሰውን ጭማሪ ይከፍላል። ይህ ያበሳጫል፤ የጸሐፊው ንዴት ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ከዚህ ግን «ስለዚህ ዘረፋ ነው» ወደሚለው መዝለል አይቻልም። በምግብ ቤት ሥራ የታወቀ መለኪያ አለ፦ ለአንድ ሳህን ምግብ የገባው ጥሬ ዕቃ ከመሸጫ ዋጋው ሠላሳ በመቶ ገደማ እንዲሆን ይደረጋል። ሳህኑም እንግዲህ እንደ ወይኑ ሦስት እጥፍ ተሽጧል ማለት ነው። ጸሐፊው በምግቡ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ሥጋቸውንና ሽንኩርታቸውን ይዘው ሄደው ጥበሱልኝ ሊሉም አላሰቡም። በሳህኑ ላይ ያለው ልዩነት የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ጋዝና ግብር መሆኑ ከገባቸው በጠርሙሱ ላይ ያለውስ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ብዙ ቤቶች ምግቡን በጠባብ ትርፍ ሸጠው ወጪያቸውን የሚያሟሉት በመጠጡ ነው። መጠጡ ላይ ያለው ከጠፋ ወጪው አብሮ አይጠፋም፤ ወደ ምግቡ ዋጋ ይዞራል፣ እሱንም ከጎን ያለው ወይን የማይቀምስ ቤተሰብ ይካፈለዋል።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የደረደርኳቸው ናቸው። ቤቱ በ100 የገዛውን ጠርሙስ በ300 ይሸጣል፤ በመካከሉ 200 አለ። እርስዎ የራስዎን ሲያመጡ ያ 200 አይገባም። ኮርኬጁ 80 ቢሆን ቤቱ ከለመደው በ120 ያነሰ ይዞ ያንኑ ጠረጴዛ፣ ያንኑ ብርጭቆ፣ ያንኑ ሰው አሰማርቷል። ለምን በ120 ይጎዳል ከተባለ መልስ አለው፤ የራስዎ ጠርሙስ ለቤቱ አንዳንድ ነገር ያተርፍለታል። ገንዘቡን ወይን ገዝቶ ለወራት መጋዘን አላስቀመጠም። የተበላሸ ጠርሙስም ዕዳ አልሆነበትም። ቡሽ ላይ በሚፈጠር ትራይክሎሮአኒሶል በሚባል ውህድ የተበከለ ወይን በሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢኖረው እንኳ እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ እንዲህ ያለው ከቤቱ ክምችት ከወጣ ቤቱ ይቀይረዋል፣ ከእርስዎ ቦርሳ ከወጣ ግን ኪሳራው የእርስዎ ነው። ኮርኬጅ አብዛኛውን ጊዜ ከወይኑ ትርፍ አንሶ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላዩት ደግሞ ይህ ነው፦ ኮርኬጅ አብዛኛውን ጊዜ በየጠርሙሱ የተቆረጠ ቋሚ ክፍያ ነው እንጂ በወይኑ ዋጋ ልክ አይጨምርም። ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት የገዙትን ወይን ሃያ ዓመት አስቀምጠው ለምረቃዋ ይዘው የመጡ ወላጆች የሚከፍሉት ክፍያ ዛሬ ማታ ከሱፐርማርኬት በርካሽ ጠርሙስ ገዝቶ ከመጣው ሰው ጋር እኩል ነው። ለወላጆቹ ክፍያው ምንም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ወይን በየትኛውም ዝርዝር ላይ አያገኙትም፣ ቢያገኙትም ዋጋው ባስደነገጣቸው። ለሁለተኛው ግን ኮርኬጁ ከወይኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ይኸኔ «ዘረፋ!» የሚለው ጩኸት ይመጣል። ክፍያው የተሠራው የመጀመሪያዎቹን ተቀብሎ ሁለተኛውን «እባክህ ከዝርዝራችን እዘዝ» ለማለት ነው። ይህን ሆን ብሎ የሚያደርግ ቤት አልፈርድበትም። የምፈርድበት ኮርኬጁን ከራሱ መካከለኛ ወይን ትርፍ በላይ ሰቅሎ «የራስዎን ማምጣት ይችላሉ» ብሎ በሚለጥፈው ላይ ነው። አለመፈለጉን በቀጥታ ቢናገር ይሻለዋል።

የኒው ጀርሲው ምሳሌ ያለ ቦታው የገባ ነው። እዚያ መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ በሕዝብ ቁጥር የተገደበ ነው፤ በጥቅሉ ለ3,000 ነዋሪ አንድ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ዋጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚሆን ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ጨርሶ አይደፍሩትም። ሕጉ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ቤት ደንበኛው ወይን ወይም ቢራ ይዞ እንዲገባ እየፈቀደ ለዚያ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክለዋል። ጸሐፊው ልግስና ብለው ያቀረቡት የሕግ ክልከላ ነው ማለት ነው። እነዚህ ቤቶች የወይን ዝርዝር የላቸውም፣ መጋዘን የላቸውም፣ ወይን የሚያውቅ ባለሙያ አልቀጠሩም፣ ለፈቃዱም አልከፈሉም። ያልሸጡት ነገር ትርፍ አይቀርባቸውም። የጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ ከተማ ፊላደልፊያም በዚህ ዓይነት ቤቶች የታወቀችው ፈቃዱ በኮታ ተይዞ ውድ በመሆኑ ነው። ፈቃድ ከፍሎ አውጥቶ፣ ወይን ገዝቶ ያከማቸን ቤት ከእነዚህ ጋር አስተካክሎ «እነሱ ከቻሉ አንተስ?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ምሳሌ ካስፈለገ ኒውዚላንድ ትቅረብ፤ እዚያ ደንበኞች የራሳቸውን ወይን ለሚያመጡባቸው ቤቶች ራሱን የቻለ ፈቃድ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፣ ኮርኬጅም አብሮት የኖረ ተራ ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመከልከሉ ነገር ነው። ጸሐፊው «አይፈቀድም» ያላቸውን ቤት በንቀት ከሰውታል። አንዳንዴ ግን እምቢ የሚለው ሕጉ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የመጠጥ ፈቃድ ያላቸው ምግብ ቤቶች ደንበኛ ያመጣውን ወይን ማስተናገድ የቻሉት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2011 ወዲህ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ በ2005፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሐምሌ 2012 ተፈቀደ። ከእነዚህ ቀናት በፊት በእነዚያ ቦታዎች ጠርሙስዎን በደስታ የከፈተልዎ አስተናጋጅ የቤቱን ፈቃድ አደጋ ላይ ጥሏል። ሕጉ በሚፈቅድበትም የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ወይን ነው፤ ውስኪ ይዞ ገብቶ «ይኸም መጠጥ ነው» ማለት አያስኬድም። ደግሞም ሕጉ ሲፈቅድ ለቤቱ ምርጫ ሰጠው እንጂ ግዴታ አልጣለበትም። ከሰከረው ደንበኛና ጠረጴዛው ላይ ካለው ለአቅመ መጠጥ ያልደረሰ ልጅ ጋር በተያያዘ ተጠያቂ የሚሆነው ባለፈቃዱ ነው። ወይኑ የማን እንደሆነ ተቆጣጣሪው አይጠይቅም።

ደንበኛ ንጉሥ ነው የሚለውን አባባል ጸሐፊው ደጋግመው ጠቅሰዋል። ይሁን። ወይኖቹን ከምግቦቹ ጋር እየቀመሰ ዝርዝሩን ያዘጋጀ ባለሙያ ያለበት ቤት ግን «እዚህ የሚጠጣው የመረጥነው ነው» ቢል ሥራውን ነው ያከበረው። የማልስማማው በአነጋገሩ ነው። እንግዶቹን ጋብዞ በክብር ለብሶ የመጣን ሰው በር ላይ ጠርሙሱን ቀምቶ ማሳፈር ነውር ነው። ጸሐፊው የደረሰባቸው እንዲህ ከሆነ ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ የሚነቀፈው ግን ሰውየው ነው እንጂ ደንቡ አይደለም።

ሌላም የምሰጣቸው አለ። ኮርኬጅ ሜኑው ላይ ሳይጻፍ፣ በስልክ ቦታ ሲያዝ ሳይነገር፣ ጠርሙሱ ሲከፈትም ዝም ተብሎ መጨረሻ ሒሳቡ ላይ ብቅ ካለ ቤቱ አጥፍቷል። አሥር ሰዎች አንድ ጠርሙስ ይዘው መጥተው በነፍስ ወከፍ ኮርኬጅ የሚቆጥርባቸው ቤት ምን ሊመልስ እንደሚችል አላውቅም፤ ከአሥሩ ምናልባት አራቱ ብቻ ናቸው የቀመሱት። ሙሉ ኮርኬጅ አስከፍሎ ወይኑን በውኃ ብርጭቆ የሚያቀርብም እንዲሁ። ወይን ይዞ የመጣ ሰው ለባለሙያው አንድ ብርጭቆ መቅዳት አለበት የሚሉትን ሲነቅፉም እደግፋቸዋለሁ። ወዶ መቅዳት ያምራል፤ ቆሞ መጠበቅ አያምርም።

ደንበኛውም በበኩሉ የሚጠበቅበት አለ፤ ጽሑፉ ይህን ጎን ባዶ ነው የተወው። ቤቱ ዝርዝር ላይ ያለውን ያንኑ ወይን ከሱቅ ገዝቶ መምጣት የቤቱን ሰዎች ፊት ለፊት መስደብ ነው፤ ዝርዝሩን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ያረጀ ወይን ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት አድርሶ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል፤ ነጭ ከሆነ ቀዝቅዞ መምጣት ይችላል። ብዙ ቤቶች ከእነሱ አንድ ጠርሙስ ላዘዘ የአንዱን ኮርኬጅ ይተዋሉ፤ ይህን ጠይቆ የተጎዳ የለም። ጉርሻ በሒሳቡ መቶኛ በሚታሰብበት አገር ደግሞ ሒሳቡ በወይኑ ልክ ስላነሰ ጉርሻውን ማሳነስ ያው ሥራ ሠርቶ ያመሸውን ልጅ መቅጣት ነው።

አንከፍልም በሉ ወደሚለው ምክር ስመጣ ግን ጸሐፊው አንባቢዎቻቸውን የሚልኩት ወደ ማን እንደሆነ ያሰቡበት አይመስለኝም። ሒሳቡን ይዞ የሚመጣው የቤቱ ባለቤት አይደለም። ኮርኬጁን ያልተመነ፣ ሊሰርዘውም ሥልጣን የሌለው፣ ልዩነቱ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ የሚሰጋ አስተናጋጅ ነው። በሰው ፊት ክርክሩን የሚሸከመው እሱ ነው። ወይኑም በዚያን ሰዓት ተጠጥቷል፤ የተነቀለ ቡሽ አይመለስም። መከራከሪያው ሰዓት መክፈቻው ከኪስ ከመውጣቱ በፊት፣ ይልቁንም ቦታ ሲያዝ ነው፦ የራሳችንን ማምጣት ይቻላል ወይ፣ ስንት ጠርሙስ ድረስ፣ ክፍያው በጠርሙስ ነው ወይስ በሰው፣ የተረፈውን ከድነን ይዘን መሄድ እንችላለን? መልሱ ካልተዋጠላቸው ጠርሙሱን እቤት ትተው ከዝርዝሩ ማዘዝ፣ ወይም ሌላ ቤት መደወል ይችላሉ።